ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ምን ያደርግ ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ክርስቲያን የሆነ ሁሉ ቅዱሳት መጻሕፍትን በራሱ ዓይን፥ በራሱ ቤት ሊያነብና ሊመረምር እንደሚገባው ነው። ይህን ስናገር ከእናንተ መካከል አንዳንዱ፥ «ይህማ የካህናት ሥራ አይደለምን? እነሱ ያንብቡ፥ እኛ ቆመን እንሰማለን» ሳይል እንደማይቀር ዐውቃለሁ። እኔም ካህን ሆኜ ሳለ ብዙ ዘመን እንደዚሁ አስብ ነበርና በዚህ አሳብ የሚኖረውን ሰው ለመውቀስ አፌን አልከፍትም። ነገር ግን አሳቡ ትክክል መሆኑን ወይም አለመሆኑን ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ ከሚነግረን ከአንድ ሰው ታሪክ እንመልከት።

ይህ ሰው ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈለት ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ነው። የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና በገንዘብዋ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ሹም ነበረ። ህንደኬ የሚለው ስም ከግብጽ በስተደቡብ በዓባይ ዳር፥ በሜሮዌ ይነግሡ የነበሩ ንግሥታት የማዕርግ ስም መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ጃንደረባውን የአገሩ በኵረ ምእመናን አድርጋ ስታስበው ኖራለች። ይህ ታላቅ ሰው ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ነበረ። ስግደቱንም ፈጽሞ ወደ ጋዛ በሚወስደው በምድረ በዳው መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ይመለስ ነበረ።

አስተውሉ፤ በዓሉ አልፏል። የመጣበት ጉዳይ ተፈጽሟል። ፊቱን ወደ አገሩ መልሷል፤ በአገሩም የንግሥቲቱ የወርቅና የብር መዝገብ ይጠብቀዋል። መንገዱ ረጅም ነው፥ አገሩም በረሃ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሠረገላው ላይ ቢያንቀላፋ፥ ወይም ከአሽከሮቹ ጋራ ሲጫወት ቢሄድ ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ዘርግቶ ያነብ ነበር። እኛስ? ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል አክብረን ከቁልቢ ስንመለስ፥ ወይም መስከረም 21 ቀን ከግሸን ማርያም ስንወርድ በመኪናው ውስጥ የምናደርገውን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን። ስእለታችንን ካደረስን በኋላ በዓሉን እዚያው በተራራው ላይ ጥለነው እንመጣለን።

ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የሆነው ፊልጶስ በመንፈስ ቅዱስ ታዝዞ ወደ ሠረገላው ሮጦ ሲቀርብ ሰውየው ሲያነብ ሰማው። ሰማው ከተባለ ድምፁን አሰምቶ ያነብ ነበር ማለት ነው። በጥንቱ ዘመን ሰው ለብቻው እንኳ ሆኖ ሲያነብ ድምፁን ማሰማቱ የተለመደ ነው፤ በአገራችንም የንባብ ቤት ተማሪ እስከ ዛሬ ድረስ እንዲሁ ያደርጋል። ፊልጶስም የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባው የሚመራው ሰው ከሌለ እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል ተናገረ፤ ወጥቶም ከአጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው።

ይህን የጃንደረባውን መልስ ብዙ ሰዎች ለስንፍናቸው መሸፈኛ ሲያደርጉት እሰማለሁ። «አያችሁ፤ ያለ መምህር አይገባም። እንግዲያውስ ባናነበው ይሻላል» ይላሉ። ነገሩን ገልብጠውታል። ጃንደረባው የሚመራኝ የለምና መጽሐፉን አልዘረጋም አላለም። መምህር ሳያገኝ አነበበ፤ ሲያነብም ያልገባውን ነገር ዐወቀ፤ ያልገባውን ስላወቀም መምህሩ ሲመጣ የሚጠይቀው ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። ነቢዩ እንደ በግ ለመታረድ ስለሚነዳው የተናገረው ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ? ይህን ጥያቄ ሊያነሣ የሚችል ያን ገጽ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ፊልጶስም ትምህርቱን የጀመረው ከዚያው፥ ሰውየው ጣቱን ካኖረበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ የጌታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን ወንጌል ሰበከለት። ጥቂት እንደ ሄዱ ወደ ውሃ ደረሱ፥ ጃንደረባውም ተጠመቀ። መጽሐፉ ተጠቅልሎ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ ከየት ይጀምርለት ነበር?

እኔ ዛሬ ለእናንተ የማመጣው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። እግዚአብሔር ይመስገንና አገራችን የፊልጶሶች ድኻ አይደለችም። ብሉዩን፥ ሐዲሱን፥ ሊቃውንቱንና መጻሕፍተ መነኮሳቱን «አንድም» እያሉ ሲያመሠጥሩ የኖሩ መምህራን በየጉባኤ ቤቱ ነበሩ፥ ዛሬም አሉ። የጎደለው ጠያቂ ነው። በትርጓሜ ቤት ሥርዐት እንኳ መምህሩ ከወንበሩ ተቀምጦ ዝም ብሎ ትርጓሜ አይጀምርም፤ ተማሪው በፊቱ ሆኖ ንባቡን ያሰማል፥ መምህሩም ከንባቡ ተነሥቶ ይተረጉማል። ንባብ ሲቀድም ትርጓሜ ይከተላል። ይህ በሊቃውንቱ ጉባኤ እንዲህ ከሆነ በምእመኑ ቤት ሌላ ሥርዐት ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ብነግራችሁ አይከፋኝም።

በልጅነቴ ፊደል ቈጥሬ፥ መልእክተ ዮሐንስን አንብቤ፥ ግእዙን፥ ውርድ ንባቡንና ቁም ንባቡን ተነሽና ወዳቂውን ለይቼ ዳዊትን ደገምሁ። ኋላም ዜማና ቅኔ ተማርሁ፤ ዲቁናም ቅስናም በየጊዜው ተቀበልሁ። ንባቤን የሚሰሙ ሰዎች ያመሰግኑኝ ነበር፤ ምስጋናውንም እወደው ነበር። በአንድ ዓመት በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ፥ በመፃጉዕ ዕለት፥ ቀድሼ የዕለቱን ወንጌል አነበብሁ። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ የንስሐ ልጄ ወደ ሆኑ፥ በዕድሜ ወደ ገፉ አንዲት እናት ቤት ሄድሁ። እሳቸውም መስቀል ተሳልመው ካስቀመጡኝ በኋላ፥

«አባቴ፥ ያ ዛሬ ያነበቡለት በሽተኛ ስንት ዓመት ተኛ ነው የሚለው? ጌታስ ሲመጣ ምን ጠየቀው? እሱስ ምን ብሎ መለሰ?» አሉኝ።

እኔም ዜማው እንጂ ቃሉ በልቤ አልነበረምና፥ «እማማ፥ ጌታችን በሽተኛ የፈወሰበት ዕለት ነው፤ ስሙም መፃጉዕ የተባለው ስለዚያ ነው» ብዬ ወደ ሌላ ጨዋታ አለፍሁ። እሳቸውም በትሕትና፥ «ይሁን አባቴ፥ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዝም አሉ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ መብራት አብርቼ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 5 ገለጥሁ። ሕዝብ ልሰብክበት ወይም ልቀድስበት አልነበረም፤ የምሰማውም እኔው ብቻ ነበርሁ። ያን ምዕራፍ እንዲህ አድርጌ ሳነበው የመጀመሪያዬ መሆኑን ሳስብ ዐፈርሁ። በሽተኛው 38 ዓመት ታሞ ኖሯል። በመጠመቂያው ዙሪያ ባሉት በአምስቱ መመላለሻዎች ብዙ ሕዝብ ተኝቷል፤ እሱ ግን ጌታ ልትድን ትወዳለህን ብሎ ሲጠይቀው አዎን እወዳለሁ እንኳ አላለም። ውሃው ሲናወጥ ወደዚያ የሚያወርደው ሰው እንደ ሌለው ብቻ ተናገረ። የጠየቁኝ እናት ባለቤታቸው ከሞቱ፥ ልጆቻቸውም ወደ ሩቅ አገር ከሄዱ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጥያቄያቸው ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ሄጄ ምዕራፉን በአማርኛ አነበብሁላቸው። ሲያልቅ ድገሙልኝ አሉኝ፤ ደገምሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ለካ ሳይጠራው ነው ጌታ ራሱ የመጣለት» አሉ። እኔ በዚያ ወንጌል ከአንድ ጊዜ በላይ ሰብኬበታለሁ፤ ይህን ነገር ግን አላስተዋልሁትም ነበር። እኒያ እናት ፊደል አልቈጠሩም። ቢሆንም ከሁለታችን መካከል እንደ ጃንደረባው የሆኑት እሳቸው ነበሩ። ስለ ፊልጶስ ግን ምንም ባልናገር ይሻለኛል።

የተወደዳችሁ ወገኖቼ ሆይ፤ ምእመናን ከማንበብ ይልቅ በመስማት ብቻ እንዲኖሩ ያደረጋቸው ንቀት እንዳልነበረ ማወቅ ይገባል። አንድ የብራና ዳዊት ለማዘጋጀት ብዙ ፍየል ወይም በግ ይታረዳል፤ ቆዳው ይወጠራል፥ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ጸሐፊውም ጎንበስ ብሎ ወራት ይቀመጣል። ይህን ሁሉ አውጥቶ መጽሐፍ በቤቱ ሊያኖር የሚችል ማን ነበር? ቋንቋውም ግእዝ ነበረ። ስለዚህ ሕዝቡ በጆሮው ተማረ፤ ቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴዋ ውስጥ ከጳውሎስ መልእክት፥ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፥ ከግብረ ሐዋርያትና ከዳዊት፥ በመጨረሻም ከወንጌል እያስነበበች ልጆችዋን መገበች። እናቶቻችንና አባቶቻችን አንድ ፊደል ሳይለዩ ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ያቆዩልን በዚህ ነው።

ነገር ግን ያ ችግር ዛሬ የለም። እንዲወገድም የደከሙ ሰዎች አሉ። ከነዚህ አንዱ አቡ ሩሚ እየተባለ የሚጠራው የጎጃሙ ተወላጅ አባ አብርሃም ነው። ይህ ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ ከአገሩ ርቆ በግብጽ በካይሮ ከተማ ተቀምጦ፥ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። በእጁ የጻፈው ከ9,000 ገጽ በላይ ነበረ። እሱ ራሱ ሥራው ሲታተም ለማየት አልታደለም፤ እዚያው በካይሮ በወረርሽኝ በሽታ ዐረፈ። አራቱ ወንጌላት በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ ጠቅላላው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር ታተሙ። ኋላም በአገራችን ሊቃውንት ተሰብስበው የደከሙበት ትርጉም በ1954 ዓ.ም. ወጣ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍትን በአንድ ጥራዝ አሳትማ ለልጆችዋ ሰጠች። የወንጌሉም አንድምታ ትርጓሜ በአማርኛ ታትሞ ይገኛል። ዛሬማ ጠቅላላው መጽሐፍ በኪስ ስልክ ውስጥ ገብቶ፥ ሰው ከሸማው በታች ይዞት ይዞራል። አባ አብርሃም ዐሥር ዓመት ጎንበስ ያለበትን ሥራ እኛ በኪሳችን ይዘን ሳንገልጠው ብንውል ምን ይባላል?

የብራናው ዘመን አንድ ልማድ ግን ከኛ ጋራ ቀርቷል፤ ይኸውም መጽሐፉን እንደ ታቦት አክብሮ አለመንካት ነው። በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ ከራስጌ ሥር ያኖረዋል፤ ክፉ ሕልም እንዳያይ ነው ይላል። ሌላው በመኪናው መስታወት ሥር ያስቀምጠዋል፤ ፀሐይም ገጹን ታወይበዋለች። መጽሐፉ ክቡር ስለ ሆነ መከበሩ ደግ ነው፤ ራስጌ ማኖሩንም እኔ አልነቅፍም። ብቻ ከራስጌ እየተነሣ ይነበብ እላለሁ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በዘመኑ የነበሩ ባለጠጎች መጻሕፍቱን በጥሩ ብራና በጌጠኛ ፊደል አስጽፈው በሣጥን መቈለፋቸውን ነቅፏል። እንግዲህ ይህ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም፤ ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅን ካነሣን አይቀር፥ ስለ ሥራ ብዛት የሚቀርበውን ምክንያትም እሱ ጥንት መልሶታል። የቊስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ከመሆኑ በፊት በአንጾኪያ ካህን ሳለ፥ ሕዝቡ እኛ መነኮሳት አይደለንም፥ ሚስትና ልጆች አሉን፥ የቤት አሳብ አለብን እያሉ ያመካኙበት ነበር። እሱም ይህ ምክንያት ይበልጥ እንድታነቡ የሚያስገድድ ነው ሲል መለሰላቸው። ከዓለም የተለየ መነኵሴ ከጦርነቱ ርቆ ተቀምጧል፤ በገበያ መካከል የሚውል፥ ከጎረቤቱ የሚጣላ፥ በልጁ የሚያዝን፥ በገንዘብ የሚፈተን ሰው ግን ዕለት ዕለት ይቈስላልና መድኀኒቱን ይልቅ የሚፈልገው እሱ ነው። ስለ ብረት ሠራተኛም ምሳሌ ሰጥቷል፤ አንጥረኛ ምንም ቢርበው መዶሻውንና ጕጠቱን አይሸጥም፥ በዚያ ነውና የሚበላው። የክርስቲያንም መሣሪያው መጻሕፍት ናቸው፤ ያለነሱ ነፍሱን ሊያድስ አይችልም ብሎ አስተማረ። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። ዛሬ የኳስ ተጫዋቾችን ስም እስከ ተጠባባቂው ድረስ አከታትሎ የሚነግረን ወጣት የዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ስም ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ከአራቱ አያልፍም። ይህ ልጅ የማስታወስ ችሎታ እንደ ሌለው ማን ይናገራል? ጊዜም አላጣም።

ከሥራ ብዛት ይልቅ እኔ የማከብረው ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም ፍርሃት ነው። «ራሱ የሚያነብ ሰው ይስታል፤ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣል» እያሉ የሚሰጉ ደጋግ ክርስቲያኖች አሉ። ስጋታቸውም ከመሬት አልተነሣም፤ ጥቂት ጥቅስ ይዘው እናታቸውን ቤተ ክርስቲያንን ለመክሰስ የተነሡ ልጆችን ሁላችን አይተናል። ቅዱስ ጴጥሮስም በጳውሎስ መልእክታት ውስጥ ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር መኖሩን፥ ያልተማሩና ያልጸኑ ሰዎችም ለገዛ ጥፋታቸው እንደሚያጣምሙት በሁለተኛይቱ መልእክቱ አስጠንቅቋል። ይህን ቃል ልንሰውረው አይገባም።

ነገር ግን የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ እንመርምር። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ 318ቱ ሊቃውንት ያወገዙት አርዮስ ማን ነበር? በቤቱ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነበበ ገበሬ ነበርን? የእስክንድርያ ቄስ ነበረ። በ381 ዓ.ም. ትምህርቱ የተወገዘበት መቅዶንዮስ የቊስጥንጥንያ ጳጳስ ነበረ። በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን የተወገዘው ንስጥሮስም በዚያችው በቊስጥንጥንያ መንበር የተቀመጠ ሊቀ ጳጳሳት ነበረ። አውጣኪም የመነኮሳት አለቃ ነበረ። ከነዚህ ሁሉ በቤቱ ለልጆቹ የሚያነብ አንድ ተራ ምእመን አናገኝም። የሳቱት የሚያስተምሩት ናቸው፤ የሳቱትም አንድ ቃል ይዘው ከሌላው ቃልና ከአባቶች ምስክርነት ለይተው ስለ ቆሙ፥ ሲመከሩም ስላልተመለሱ ነው። እንግዲህ የሚያስፈራው መጽሐፉ ሳይሆን ትዕቢቱ ነው፤ ትዕቢትም ለካህን ከምእመን ይልቅ ይቀርባል። ይህን የምናገረው ለራሴም ጭምር ነው።

ደግሞም የማያነብ ሰው ከስሕተት የተጠበቀ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። መጽሐፉን የማያውቅ ክርስቲያን ጥቅስ አጣሞ ለሚመጣው ሰው ምን መልስ አለው? ጥቅሱ በፊቱ ሲነበብለት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቱ ነውና ይደነግጣል፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል አያውቅምና ማስተያየት አይችልም። ከቤተ ክርስቲያን ከወጡት ልጆቻችን ብዙዎቹን አነጋግሬአለሁ። መጽሐፍ ስላነበቡ የወጡ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት መጽሐፉን መጀመሪያ የገለጠላቸው ሌላ ሰው ስለ ሆነ የሄዱ ናቸው። ይህን ያሉኝ ራሳቸው ናቸው፤ «በቤታችን ማንም አንብቦልን አያውቅም ነበር» አሉኝ። ይህ ቃል በየቤቱ ያለውን አባትና እናት ይመለከታል፥ ከሁሉ በፊት ግን የንስሐ አባቶችን ይመለከታል።

በመቄዶንያ አገር በቤርያ የነበሩ ሰዎች ቅዱስ ጳውሎስ ሲያስተምራቸው በደስታ ተቀበሉት፤ ይሁን እንጂ ነገሩ እንደ ተናገረው መሆኑን ለማወቅ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። የሐዋርያት ሥራ ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልነቀፋቸውም። ጳውሎስን የመረመሩ ሰዎች ከተመሰገኑ፥ እኔን ብትመረምሩኝ እንዴት ይከፋኛል? አሁን ስለ ጃንደረባው የነገርኋችሁንም ከመጽሐፉ ጋራ አስተያዩት።

እንግዲህ ከየት እንጀምር የሚለኝ ይኖራል። ከዚህ በፊት አንብቦ የማያውቅ ሰው ከማርቆስ ወንጌል ቢጀምር መልካም ይመስለኛል፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፥ በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ቢነበብ በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ያልቃል። ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ እስከ ዮሐንስ ራእይ ድረስ እሄዳለሁ ብሎ የተነሣ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ አብዛኛው በኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ደክሞት ይቀራል። ዳዊት የሚደግም ሰው ድግሙን አይተው፤ ነገር ግን ከሚደግመው መዝሙር አንዱን ብቻ መርጦ በሚሰማው ቋንቋ ቀስ ብሎ ያንብበው። ቅዱስ አትናቴዎስ ወደ መርኬሊኖስ በጻፈው መልእክት፥ በመዝሙሩ ውስጥ ሰው የነፍሱን መልክ እንደ መስተዋት ሊያይ እንደሚችል አስረድቷል። መስተዋት ግን ሮጠው ሲያልፉበት መልክ አያሳይም።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ሌላ መንገድ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን በየሰንበቱና በየበዓሉ የሚነበበውን ምንባብ የምትለይበት ግጻዌ አላት። የሚመጣው እሑድ ምንባብ የቱ እንደ ሆነ ካህኑን ወይም ዲያቆኑን ጠይቃችሁ፥ ቅዳሜ ማታ በቤታችሁ አንብቡት። በዐቢይ ጾም ውስጥ ምኩራብ ሲደርስ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 2፥ በገብር ኄር የማቴዎስን ምዕራፍ 25፥ በኒቆዲሞስ የዮሐንስን ምዕራፍ 3 አንብባችሁ ብትመጡ፥ ካህኑ በግእዝ ሲያነብ ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱም፤ የምታውቁት ቃል ሲመጣ ልባችሁ ይነቃል። የሚያነበውም ካህን የሚጠይቀው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ይህን ከራሴ ዐውቀዋለሁ፤ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ወንጌሉን አስቀድሜ ለብቻዬ ሳላነበው ወደ መቅደስ ገብቼ አላውቅም።

ማንበብ የማይችል ደግሞ ልጁን፥ የልጅ ልጁን ወይም የጎረቤቱን ተማሪ አስቀምጦ ያስነብብ። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል፤ እሱም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያውቅ ነበር። ያ ቤት አያትና እናት ልጅን የሚያሳድጉበት ቤት ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤት ፊደል የሚያውቀው ልጁ ስለ ሆነ ልጁ ለአያቱ ያነባል። ነገሩ ያው አንድ ነው፤ እንዲያውም አያትዮዋ ያልገባትን ስትጠይቀው ልጁ ሁለት ጊዜ ይማራል። ድምፃችሁንም አሰምታችሁ አንብቡ። ጃንደረባው በልቡ ብቻ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ ባልሰማው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፥ ከራት በኋላ፥ አቡነ ዘበሰማያት ደግማችሁ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ግለጡ። ከቁጥር 26 ጀምራችሁ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ አንብቡ። ጀበናው ፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ ያልቃል። ሲያነብቡ ያልገባችሁን ነገር በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ወረቀቱንም በዚያው ገጽ መካከል አኑሩት። የንስሐ አባታችሁ ወደ ቤታችሁ ሲመጡ፥ ወንበር ሰጥታችሁ ካስቀመጣችኋቸው በኋላ ያንን ወረቀት አውጡላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።